አሮጌውን ሳይሽሩ ማደስ

ባክፖርት ማለት ለአዲሱ የፕሮግራም እትም የተሠራን እርማት ወስዶ፣ ለቀድሞው እትም እንዲስማማ አድርጎ መግጠም ነው። ሥራው በይበልጥ የሚታወቀው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከርነል የኮምፒውተሩን ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ የሚያስተዳድር የውስጠኛው ፕሮግራም ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ይህ ከርነል በየሁለትና በየሦስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣለታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባንኩ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ግን ሰርቨሩን በየሦስት ወሩ ሊቀይር አይችልም። የተከለው ደኅና እየሠራ ከሆነ «አይነካብኝ» ይላል፤ እርማቱ ደግሞ ያስፈልገዋል። ጉዳዩ የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የሃይማኖትም የፍልስፍናም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የተጨነቁበት ጥያቄ ነው። አንድ ነገር እየታረመና እየተጨመረበት እስከ መቼ ያው ራሱ ይሆናል? በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመርስ አሮጌውን ማክበር ነው ወይስ መሻር?

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ፣ በጋይንት ያለው የቤተልሔም ድጓ ቤት ነው። ከእስቴና ከስማዳ ደብሮች፣ ከጎጃምና ከወሎም ጭምር፣ ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ሁሉ ለማስመስከር የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሁለቱን፣ ድጓውንና ከርነሉን፣ ጎን ለጎን ማየት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ችግሩ የጀመረው ከማስታወስ ነው።

የኮምፒውተሩን ማስታወስ አስቀድሞ ማየት ይሻላል። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 የሠራው ኤንኤፍኤስ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ያለን ፋይል በኔትወርክ የተያያዙ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንደ ራሳቸው ዲስክ እንዲጠቀሙበት ያደርጋል። ተጠቃሚው ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ንባብ ወደ ሰርቨሩ ቢመላለስ ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ያነበበውን በሜሞሪው ያቆያል፣ የፋይሎቹንም ስም ዝርዝር ያቆያል። የጻፈውንም ቢሆን ሰርቨሩ በዲስኩ ላይ ማሳረፉን እስኪያረጋግጥለት ድረስ መጣል አይችልም፤ ሰርቨሩ በመሃል ቢወድቅ መልሶ የሚልከው ከዚያው ከሜሞሪው ነውና። በ1995 የወጣው ሦስተኛው የኤንኤፍኤስ እትም ይህን በግልጽ ደንግጎታል።

እንዲህ ሲሆን ሜሞሪ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ መውጫ የሌለው የሚመስል ነገር ይመጣል። ሜሞሪ ለማስለቀቅ የተጻፈውን ወደ ሰርቨሩ መላክ ያስፈልጋል፤ ለመላክ ግን የኔትወርኩ ክፍል ራሱ ሜሞሪ ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። በተለይ ከሜሞሪ የተረፈውን በኔትወርክ ወዳለ ፋይል ለማሸሽ፣ ባለሙያዎቹ ስዋፕ ለሚሉት ሥራ፣ ይህ አደጋ ለብዙ ዓመታት እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል። ፒተር ዛይልስትራ የጀመረውና ሜል ጎርማን ከፍጻሜ ያደረሰው መፍትሔ የገባው በ2012 በወጣው በ3.6ኛው እትም ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለዚያ ለክፉ ቀን ብቻ የምትነካ ጥቂት ሜሞሪ አስቀድሞ ለይቶ ማኖር።

ወደ ድጓው እንመለስ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ድጓን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንደ ደረሰ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ቃሉን ብራናው ቢይዘውም ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሥተው የድጓውን የዜማ ሥርዓት እንዳበጁና ንጉሡ ባሠራት በተድባበ ማርያም ካህናቱን እንዳስተማሩ ታሪከ ነገሥቱ ይተርካል። ተድባበ ማርያም ያለችው በሳይንት፣ ከጋይንትና ከስማዳ ሰዎች አንጻር በበሽሎ ወንዝ ወዲያ ነው። የግራኝ ጦርነት ገና ያለፈበት፣ ብዙ መጽሐፍ የተቃጠለበትና ብዙ መምህር ያለቀበት ጊዜ ነበር። ዜማን በሰው ራስ ብቻ ማኖር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ዘመን አልነበረም።

ከዚያ በፊት የተጻፉ የድጓ ብራናዎች ምልክት የላቸውም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ምልክቱ በኋላ ዘመን፣ በሌላ እጅ፣ በመስመሮቹ መካከል ገብቶ ይታያል። የቆየውን ብራና ሳይፍቁና ሳይቀይሩ አዲሱን ምልክት ማስገባት ዛሬ ባክፖርት የሚባለው ሥራ ነው። ትውፊቱም ቢሆን የቱ የመጀመሪያው፣ የቱ የተጨመረው እንደሆነ አልደባለቀም። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉትን ስምንቱን ለራሱ ለያሬድ ይሰጣል፤ ድርስንና አንብርን ግን ኋላ የመጡት ሊቃውንት ጨመሯቸው ይላል። የብራና ተመራማሪና የድጓ መምህር ስለ ስምንቱ ዕድሜ ላይስማሙ ይችላሉ። የጨመረ ሰው የጨመረውን በስሙ ማስመዝገብ እንዳለበት ግን በሁለቱም ዘንድ ያለ ነው።

አንድ የድጓ ገጽ ቀረብ ብለው ቢያዩት ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ቃሉ በጥቁር ቀለም፣ የበዓሉ ስም በቀይ ተጽፏል። በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ ከዋናው ጽሕፈት በጣም ያነሱ ፊደሎች፣ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከጭረትና ከቅስት ጋር ሰፍረዋል። እነዚህ ፊደሎች ከታችኛው ቃል ጋር የሚነበቡ አይደሉም። ከሌላ ስፍራ፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው የድጓ ክፍል የተቀነጨቡ ናቸው፤ «ይህን እንደዚያኛው በለው» ይሉታል። ምልክቱ ስለዚህ ዜማውን በውስጡ አልያዘም። ዜማውን ያልተማረ ሰው ምልክቱን ቀኑን ሙሉ ቢያየው አንዲት ድምፅ አያወጣለትም።

ሸክም የሚያቃልለውም በዚሁ ነው። አንድ ዓይነት ዜማ በመቶ ስፍራ ቢመጣ መቶ ጊዜ አይጠናም፤ አንድ ጊዜ ይጠናና በቀረው ስፍራ ሁሉ ይጠቆማል። ከርነሉም ሜሞሪ የሚቆጥበው በአብዛኛው እንዲሁ ነው። አንዱን ፋይል አሥር ፕሮግራም ቢያነበው አሥር ቅጂ አያስቀምጥም፤ አንዱን አስቀምጦ አሥሩንም ወደዚያ ይጠቁማቸዋል። ቁጠባው ግን ዋጋ አለው። በኤንኤፍኤስ ተጠቃሚው የያዘው የፋይሉን መጠቆሚያ ነው፤ ፋይሉ ከሰርቨሩ ላይ ከጠፋ መጠቆሚያው «ስቴል ፋይል ሃንድል» የሚል የስሕተት መልእክት ብቻ ያስመልሳል። መምህሩ ያለፈበት ምልክትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ለዚህ ይመስላል ምልክቱ ከተበጀ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም የድጓ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ቤቱ የማይቀመጠው። ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቆያል፤ የሚማርበትንም ድጓ ብዙውን ጊዜ በገዛ እጁ ይጽፋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ምልክት የገባበት ድጓ ያው የያሬድ ድጓ ነው? በከርነሉም በኩል ያው ጥያቄ አለ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በ2014 ያወጣው ሰባተኛው የድርጅት ሊኑክስ ከርነሉ 3.10 ነበር። በአሥሩ ዓመት ውስጥ ከኋለኞቹ እትሞች የተወሰዱ በሺህ የሚቆጠሩ እርማቶች ገቡበት፤ መጠሪያ ቁጥሩ ግን እስከ መጨረሻው 3.10 ነው። ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ የደኅንነት መመርመሪያ ፕሮግራም «ይህ አሮጌ ነው፣ ቀዳዳ አለበት» ይላል፤ ቀዳዳው ግን ከተደፈነ ቆይቷል። ስሙ አንድ፣ ይዘቱ ሌላ። ታዲያ ያው ነው ወይስ ሌላ?

የግሪክ ፈላስፎች በዚህ ላይ የተከራከሩት በቴሴውስ መርከብ ሰበብ ነው፤ ሳንቃው አንድ በአንድ ተቀይሮ ካለቀ መርከቧ ያችው ናት ወይ ብለው ነበር። የጋይንት ሰው ለዚህ መርከብ መፈለግ አያስፈልገውም። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 ቤተልሔም ደርሶ ያየው ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ በሣር የተከደነ ክብ ሕንፃ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በድንጋይና በእንጨት ተነባብሮ የተሠራ፣ የአክሱምን የአሠራር ዘይቤ የተከተለ፣ ባለ አራት ማዕዘን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ ቆሞ አገኘ። የኋለኛው ዘመን ክብ ጣሪያ አሮጌውን አላፈረሰውም፤ ከዝናብ ሸፈነው። ለውጭው ዓለም ግኝት ነበር፤ በውስጡ ለሚቀድሱት ካህናት ግን ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም።

ኢትዮጵያዊው ምእመንም ለጥያቄው የቆየ መልስ አለው። ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ ታቦቱ ወደ መቃኞ ይወጣል፣ ሕንፃው ይፈርሳል፣ አዲሱ ይሠራል፣ ታቦቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ» የሚል የለም፤ ያው ኪዳነ ምሕረት፣ ያው ጊዮርጊስ ነው። ማንነቱ ያለው በግድግዳው ሳይሆን በታቦቱና ታቦቱ በተሰጠበት ቃል ኪዳን ነው። ይህ አስተሳሰብ ለከርነሉም ከመርከቡ ክርክር የተሻለ መልስ ይሰጣል። የ3.10 ማንነት በመስመሮቹ ውስጥ የለም። ያለው ለተጠቃሚው በተሰጠው ተስፋ ውስጥ ነው፤ በዚህ ላይ ተማምነህ የሠራኸው ፕሮግራም ነገም ሳይቀየር ይሠራልሃል የሚል። ያ ተስፋ እስከ ተጠበቀ ድረስ ውስጡ ቢታደስም ያው ነው። ተስፋው ከፈረሰ ግን አንዲት መስመር ብትለወጥም ሌላ ሆኗል።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መመዝገቢያ የዚህ ዓይነት ተስፋ ጥሩ ምሳሌ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በሦስተኛው እትም ገባ። በ2005 በወጣው በ4.1ኛው እትም ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና የእነዚሁ ሁለት ልዩ ዓይነቶች፣ ተጨመሩ። በድርጅቱ ሕግ መሠረት አንድ ጊዜ የተመዘገበ ፊደል አይሰረዝም፣ ቦታውም አይለወጥም፤ መጨመር ብቻ ነው የሚቻለው። በ1999ኙ እትም የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ዛሬም ሳይዛባ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ይህን አስተሳሰብ የሚፈታተን ከበድ ያለ ተቃውሞ አለ፤ የመጣውም ከወንጌል ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 9 ጌታ ባረጀ ልብስ ላይ አዲስ ጨርቅ የሚጥፍ እንደሌለ፣ ቢጥፍ እራፊው ልብሱን ስቦ ቀዳዳውን እንደሚያብሰው ተናግሯል። በከርነሉ ዓለምም የዚህ ተቃውሞ ወዳጆች ጥቂት አይደሉም፤ አሮጌና አዲስ ከተዳቀለበት ከርነል ይልቅ አዲሱን እንዳለ መውሰድ ይሻላል ይላሉ። እውነት አላቸው። በአሮጌው መሠረት ላይ ያልተፈተነ እርማት አንዱን ሲያቃና ሌላውን የሚሰብርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ምሳሌው የሚያወራው ስላልታጠበ ጨርቅ መሆኑ መታየት አለበት። ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የሚቀደውም ያን ጊዜ ነው። ታጥቦ የተሰበሰበ እራፊ ግን በየገጠሩ ሴቶች ሲጥፉበት ኖረዋል።

የተረጋጋውን ከርነል የሚጠብቁት ሰዎች ሕግም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይህ ሥራ በ2005 ሲጀመር ግሬግ ክሮህ ሃርትማንና ክሪስ ራይት ነበሩ ኃላፊዎቹ። አንድ እርማት ወደ አሮጌው እትም ከመግባቱ በፊት በዋናው የሊነስ የኮድ ስብስብ፣ ባለሙያዎቹ ዛፍ በሚሉት፣ ውስጥ ገብቶ መገኘት አለበት፤ ማለትም መጀመሪያ እዚያ ይታጠባል። ትክክለኛነቱ የማያጠራጥርና የተፈተነ፣ ሰውን በእርግጥ የሚያስቸግር ስሕተት የሚያርም፣ ከዙሪያው መስመሮች ጋር ተቆጥሮ ከ100 መስመር የማይበልጥ መሆን አለበት። «ሊሆን ይችላል» በሚል ግምት ማረም አይፈቀድም። ከእርማቱ ጋር በሚሄደው መልእክት ራስጌ ደግሞ አርባ ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይጻፋል፤ ይህ መለያ እርማቱ ከየት እንደ መጣ ለሚጠይቅ ሁሉ ምንጩን ያሳያል። አርባው ፊደል ለዓይን የማይማርክ ነገር ነው፤ ሆኖም የሥራው ሐቀኝነት በሙሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

በቤተልሔም ይህን የሚተካው ማስመስከር ነው። በስማዳም ሆነ በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው የያዘው ዜማና የጻፈው መጽሐፍ ከምንጩ ጋር መስማማቱን በምስክሩ መምህር ፊት ያረጋግጣል፤ የተሳተ ምልክት ካለ እዚያ ይቃናል። አስመስክሮ ሲወጣ ከማን እንደተማረና የት እንዳስመሰከረ መናገር ይችላል፤ ያልቻለ ሰው ድምፁ ቢያምርም መምህር አይባልም። ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች የሚማረውም እንዲሁ ምስክሩን የሚያገኘው ከዙር አባ ምስክር ቤት ነው። ከቤተልሔም ሌላ የቆማና የአጫብር የዜማ ስልቶች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። አንዱ ሌላውን ሐሰት አያሰኘውም፤ ግን የአንዱ ምልክት በሌላው ዜማ ላይ እንዳለ አይገጠምም። ለአንዱ የከርነል ዛፍ የተሠራ እርማት በሌላው ላይ ሲገጠም ማሽን እንደሚጥል፣ የተደባለቀ ዜማም ማሕሌትን ይረብሻል።

ባክፖርት ትክክል የማይሆንበት ጊዜም አለ። አንዳንድ እርማት ብቻውን አይመጣም፤ የሚያስፈልገውን ሌላ እርማት፣ ያኛውም ሌላውን ይጎትታል። ማቲው ዊልኮክስ የመራውና በ2022 መጀመሪያ በወጣው በ5.16ኛው እትም መግባት የጀመረው ፎሊዮ የሚባለው አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከርነሉ የፋይል ገጾችን አንድ በአንድ ከማስተዳደር ይልቅ በጥቅል እንዲያስተዳድራቸው ያስችላል። ለዚህ ግን የፋይል ሥርዓቶችን ሁሉ፣ ኤንኤፍኤስን ጨምሮ፣ ከሥር መንካት አስፈልጓል፤ ሥራውም ዓመታት ፈጅቷል። ይህን ወደ 3.10 ልመልስ የሚል ሰው አሮጌውን እያደሰ አይደለም፤ አዲሱን በአሮጌው ስም እየጠራ ነው። እዚህ ላይ ሐቀኛው መንገድ ተጠቃሚውን «ይህኛው ዘመኑ አልቋል፣ ተሻገር» ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተለወጠውን ሳይናገሩ መለወጥ ነው። እርማቱ መልካም ቢሆን እንኳ፣ በማን እጅና ከየት እንደገባ ካልተጻፈ፣ ሰው የሚተማመንበት ነገር ከእጁ ተወስዷል።

የቀረው የሸክሙ ጉዳይ ነው። አሮጌውን የመጠበቅ ተስፋ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሰውም ይደክማል። የሊኑክስ ሰዎች በ2023 የረጅም ጊዜ እትሞችን ጥበቃ ከስድስት ዓመት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ እንደሚያደርጉ አስታወቁ፤ ምክንያታቸው ሥራው ከባድ፣ ተጠቃሚውም ጥቂት ነው የሚል ነበር። 3.10ን የያዘው የሬድ ሃት ሰባተኛም መደበኛ ጥበቃው ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። በከርነል ዘንድ ይህ ነውር አይደለም፤ ማብቂያው ቀን አስቀድሞ ይነገራል፣ ሰውም ይዘጋጃል።

ለድጓ ግን ማብቂያ ቀን የተቆረጠለት የለም፤ ስለዚህ ጠባቂው መቋረጥ የለበትም። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተዋል፤ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በሚኒሶታ ካታሎጋቸውን ለማውጣት ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ ዛሬ ምስሎቹ በኔትወርክ ይታያሉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ፎቶው የያዘው ቃሉንና ምልክቱን ነው፤ ምልክቱ የሚጠቁመው ዜማ በፎቶው ውስጥ የለም። ስለዚህ ብራና ለማንሣት ገንዘብ የሚመድብ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሀገረ ስብከት፣ በቤተልሔምና በዙር አባ ያሉትን መምህራን ምልክት በምልክት እያስዜመ ድምፃቸውን መቅዳትን፣ ከዚያም በፊት የመምህሩን ቀለብና የተማሪውን ጎጆ፣ በዚያው በጀት ውስጥ ሊያስገባ ይገባል።